የእትዬ መድኃኒት በረንዳና የቡዜ ሹመት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካዛንቺስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ስልኩ ደፍቶ ሳለ፣ እትዬ መድኃኒት አንዲት የጽጌረዳ ችግኝ ከነጥቁር ላስቲኳ ታቅፈው ቆመው ነበር። ከመንገድ ዳር ከሚሸጡት ችግኞች ቀይ እንቡጥ ያላትን መርጠው ገና መግዛታቸው ነው። ይሁን እንጂ አበባ የገዛ ሰው ፊት አልነበራቸውም። ነገ እሁድ ምሳ ላይ ለምራታቸው ለቡዜ የሚናገሩት ከባድ ነገር ነበር፤ ጽጌረዳዋንም የገዟት በረንዳቸው ላይ በደረቁት ተክሎች መሀል አስቀምጠው፣ ይህችም በዚህ ቤት ትደርቃለች ለሚለው ንግግራቸው ማስረጃ ሊያደርጓት ነው።

«እትዬ መድኃኒት፣ እርስዎ ነዎት?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ።

ዘወር ሲሉ ሀፊዛን አዩ። ሀፊዛ የድሮ ጎረቤታቸው የራሂማ ልጅ ናት። እትዬ መድኃኒት ከራሂማ ጋር እዚሁ ካዛንቺስ አጥር ለአጥር ሆነው ዕድሜ ልካቸውን ኖረዋል፤ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ እነራሂማ ከከተማው ዳር ቤት አገኙ፣ እሳቸው ደግሞ ቂርቆስ ወንድ ልጃቸው ገብረዋህድ ቤት ገቡ። ያቺ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርግ የነበረች ልጅ ዛሬ ባዮሎጂ ተምራ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ሆናለች።

ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። የጤና ጥያቄው በወጉ ከተዳረሰ በኋላ ሀፊዛ «እናቴ ሁሌ ነው የምታነሳዎት» አለች። «ማለቴ፣ በተለይ የሰጠችዎትን በሶብላ። በእትዬ መድኃኒት እጅ የገባ አይሞትም፣ እስካሁን ቁጥቋጦ ሆኗል ትላለች።»

እትዬ መድኃኒት መሬት መሬት አዩ። እንደ ማንኛውም ሰው ለነገር ማለስለሻ የምትሆን ትንሽ ውሸት አያጡም ነበር፤ ለራሂማ ልጅ ግን መዋሸት ከበዳቸው።

«ሞተ» አሉ። «እሱ ብቻ አይደለም ልጄ፤ ስንለያይ ከሰፈር ሰው የተሰጠኝ ተክል አንድም የተረፈ የለም። ሁሉም በየቤቱ ካለው ቆርጦ፣ መታሰቢያ ይሁንሽ ብሎ የሰጠኝ ነበር። አንዱ በሞተ ቁጥር የሰጠኝን ሰው እንደገና የተለየሁ ይመስለኛል።»

«ምን ሆኖ ሞተ?»

«ምን ይሆናል? ሴት የሌለችበት ቤት ነው። ምራቴ ቡዜ ባንክ ትሠራለች፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። አሁን ደግሞ የቅርንጫፍ ምክትል ሥራ አስኪያጅ እናድርግሽ ብለዋት፣ ሰኞ መልስ ትሰጣለች። ልጄን ብጠይቀው እማዬ ካልተስማማሽ ይቀራል አለኝ። እኔ ደግሞ ነገ እነግራታለሁ፤ ሹመቱም ይቅር፣ ሥራውም ይቅር። ተክል የማይበቅልበት ቤት ልጅ እንዴት ይበቅላል?»

እነሆ የችግኟ ነገር ይህ ነበር። የቡዜን የብዙ ዓመት ድካም የሚዳኘው የሥራ ችሎታዋ ቀርቶ የበረንዳ በሶብላ ሊሆን ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ሀፊዛ፣ «ለተክሉ ሞት ቡዜን ጥፋተኛ ያደረጓት መርምረው ነው ወይስ ጠርጥረው?»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አሉ። እኔ ስተክል አንቺ የት ነበርሽ?»

«ልክ ነው፣ አልተወለድኩም። ቢሆንም ቤትዎ ድረስ ልሸኝዎትና አይቼ ልፍረድ። ካጠፋሁ ይቆጡኛል።»

ታክሲው መጣና አብረው ተሳፈሩ። እትዬ መድኃኒት በመንገዱ ሁሉ ስለ ድሮው ግቢያቸው አወሩ፤ ስለ ጤና አዳሙ፣ ስለ ኮኩ ዛፍ፣ ደረቅ እንጨት ብትተክል ይበቅልላታል ስለሚባልላቸው እጃቸው። ሀፊዛም እያዳመጠች አንድ ነገር ገባት። ሴትየዋ ምራታቸውን ይውቀሱ እንጂ፣ በልባቸው የፈሩት የራሳቸው እጅ ከግቢው ጋር አብሮ የጠፋ መሆኑን ነበር። ይህን ግን አፍ አውጥታ አልተናገረችም፤ ሁሉ ነገር እውነት ስለሆነ ብቻ ታክሲ ውስጥ አይባልም።

የገብረዋህድ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ገብረዋህድ ልጆቹን ይዞ ስለወጣ ቤቱ ጭር ብሏል። በረንዳው ላይ ማሰሮው፣ ቆርቆሮውና ጎኑ የተሰነጠቀው ባልዲ ሁሉ አፈር ተሞልቶ ተደርድሯል፤ በየአፈሩ ላይ የጠወለገ ግንድ ቆሟል። ፊት ለፊት አዲስ የተሠራው ረጅም ሕንፃ ፀሐዩን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ሀፊዛ ጎንበስ ብላ ጣቷን አንደኛው ማሰሮ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተተችና ስታወጣው ጭቃ ይዞ ወጣ።

«እትዬ፣ ይህን ማን ነው የሚያጠጣው?»

«እኔ ነኛ። በየማለዳው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ሌላ ማን አለ?»

ሀፊዛ ግንዱን ይዛ ቀስ ብላ ሳበችው፤ ሳያስቸግር ወጣ። ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል፤ እንደ ቦይ ውሃም ይሸታል።

«ይህ ውሃ ጠምቶት አልሞተም። ሰምጦ ነው የሞተው።»

«እንዴት ይሰምጣል? ቅጠሉ ጠውልጎ አይታይሽም? የጠወለገ ነገር የሚፈልገው ውሃ ነው።»

«ችግሩ እሱ ነው። ሥር ሲበሰብስ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቅጠሉ ይጠወልጋል። እኛ ደግሞ ጠማው ብለን እንጨምርበታለን። ግቢዎ ውስጥ ሲሆን የተረፈው ውሃ ወደ መሬት ይወርድ ነበር፣ ፀሐዩም ያደርቀው ነበር። እዚህ ማሰሮው ቀዳዳ የለው፣ ፀሐይ የለ። በቃ፣ ውሃው የት ይሂድ?»

«በቀን አንድ ጊዜ ማጠጣት ይህን ያህል ያደርሳል?»

ሀፊዛ መልስ ሳትሰጥ የቤቱ በር ተከፈተ። ቡዜ ከሥራ መመለሷ ነው። ሰው መኖሩን አላየችም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ ከጀሪካኑ በጆግ ውሃ ቀድታ በጥድፊያ ወደ በረንዳው መጣች። ሁለቱን ሴቶች ስታይ ደንግጣ ቆመች፤ የቆሸሸ ነገር ይዛ የተገኘች ያህል ጆጉን ከኋላዋ ለመደበቅ ሞከረች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አሉ እትዬ መድኃኒት።

«ውሃ ነው እማማ።» ቡዜ ዐይኗ እንባ አዝሏል። «እርስዎ ለሠርክ ጸሎት ሲሄዱ ሁልጊዜ አጠጣለሁ። ተክሉ በኔ ምክንያት ሞተ ሲሉ ሰምቼ ነው። ከሥራ ስገባ ልጄ ሲፋን ልታቀፍ እያለቀሰች እንኳ መጀመሪያ እዚህ ነው የምመጣው። ግን አልሆነልኝም።»

በዚህ መሀል ገብረዋህድ ወንድ ልጁን ሃይለአብን እየመራ፣ ትንሿን ሲፋንን አቅፎ ገባ። ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ጭንቅላቱን አከከ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም ማታ ማታ ትንሽ አደርግበታለሁ» አለ። «ቡዜ እንዳትወቀስ ብዬ ነው። ደክሟት ረስታው ይሆናል እያልኩ።»

 ከዚያ እትዬ መድኃኒት ሳቅ አመለጣቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ የበረንዳውን ብረት ተደግፈው ሳቁ። ቡዜም መሳቅ ጀመረች፣ ገብረዋህድም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለመጠጥ የተጠራቀመውን እየቀዱ፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ፣ አንዱ ለሌላው አዝኖ፣ በሶብላውን አስምጠውታል። ማር ሲበዛ ይመራል የተባለው ለካ ለውሃም ይሠራል።

ሳቁ ሲበርድ እትዬ መድኃኒት ወደ ሀፊዛ ዞሩ። «እንግዲያ እጄ አልከፋም በይኛ?»

«እጅዎ ደህና ነው እትዬ። የቡዜም እጅ ደህና ነው። የተቀየረው ቦታው ነው።»

እኚህ ሴት ግቢያቸውን ከለቀቁ ጀምሮ ደረታቸው ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር በዚህች ቃል ሲነሳ ተሰማቸው። በረንዳው ላይ ካለችው በርጩማ ቁጭ አሉ። ሽንፈትን ግን ባንድ ጊዜ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም።

«ይሁን። እሺ፣ ተክል የሌለው ቤት ይሁን ነው የምትይኝ?»

«አይደለም። ለዚህ ቤት የሚሆነውን እንምረጥ ነው የምለው። ጽጌረዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ትፈልጋለች፤ እዚህ ብትቆይ ትሞታለች። ሥራ ለሚበዛበት ወላጅ ቢረሳው የማይቀየም ተክል ነው የሚሻለው። ለምሳሌ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆም አለ። ችግኝ ሻጮቹ ስኔክ ፕላንት ይሉታል፣ የእባብ ተክል ማለት ነው። ጥላ አይጎዳውም፤ አፈሩ እስኪደርቅ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢረሳ ምንም አይል።»

«እባብ ከምኔው ቤቴ ገባ?»

«ስሙ ነው እንጂ እባብነት የለውም። ሌላው ደግሞ ቅጠሉ እንደ ሣር የሚንዘረፈፍ፣ መሀሉ ላይ ነጭ መስመር ያለው ነው፤ ስፓይደር ፕላንት ይባላል። ማለቴ፣ ሸረሪት።»

«እባብና ሸረሪት። ነገ ደግሞ ጅብ አምጪልኝ።»

ሃይለአብ ይህን ሰምቶ ጅቡ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀ። ቡዜ ግን ከልቧ እያዳመጠች ነበር። «ሲፋን እየዳኸች ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከታለች» አለች። «ምንም አያደርጋትም?»

«ጥሩ ጠየቅሽ» አለች ሀፊዛ። «ሸረሪት ያልኩት ብትቀምሰውም አይጎዳትም። ስኔክ ፕላንቱን፣ እሬትም ከተከላችሁ እሱን ግን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አድርጊ፤ ከተበሉ ሆድ ያውካሉ። ያ ሳሎን ጥግ ያለው፣ ሰፊ ቅጠሉ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ግን ከዚህ ቤት ይውጣ። ፈሳሹ የልጅ አፍና ምላስ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል።»

እትዬ መድኃኒት ወደ ሳሎኑ ጥግ አዩ። ያንን ተክል በቅርቡ የገዙት ራሳቸው ነበሩ፤ ከሁሉም ያምራል ብለው ሲፋን ከምትጫወትበት ምንጣፍ አጠገብ ያስቀመጡትም ራሳቸው። ብድግ ብለው ተክሉን ደጅ አወጡት።

ሲመለሱ «አንድ ነገር ቀረኝ» አሉ። «ተክል ማታ ልጅ የሚተነፍሰውን አየር ይወስዳል ይባላል።»

«ትንሽ ይወስዳል፣ እውነት ነው። ግን አንድ ተክል ከሚወስደው ከሲፋን አጠገብ የሚተኛው ሃይለአብ የሚወስደው እጅግ ይበልጣል። እሱን ከክፍሉ አናስወጣውም አይደል? ዋናው ነገር ሌላ ነው። አጠጪው አንድ ሰው ይሁን። እሱም ከማጠጣቱ በፊት ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይክተት፤ እርጥብ ከሆነ ትቶት ይሂድ። ከማሰሮው ሥር ቀዳዳ ይኑር፣ ከታች ሳህኑ ላይ የተጠራቀመው ይደፋ። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።»

«አጠጪዋ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ መድኃኒት፤ በዚህ ላይ ክርክር እንደማይሰሙ ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ጽጌረዳዋን አንሥተው ለሀፊዛ ሰጧት። «ይህችን ለእናትሽ ውሰጂላት። እሷ ግቢ አላት፣ ፀሐይ አላት። በሶብላውም እንዴት እንደሞተ ሳትደብቂ ንገሪያት፤ ትሳቅብኝ።»

ሀፊዛ ተሰናብታ ከወረደች በኋላ እትዬ መድኃኒት ምራታቸውን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። ቡዜ የነገው ምሳ ዛሬ የመጣባት መስሏት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች።

«ነገ የምነግርሽ ነገር ነበረኝ» አሉ። «ሥራሽን ተዪ ልልሽ ነበር። ሳላጣራ ነው የፈረድኩብሽ። ሰኞ እሺ በያቸው።»

ቡዜ ያጣመረቻቸውን እጆቿን ፈታች። «ማታ አንዳንዴ እመሻለሁ እማማ» አለች። «ቤቱስ?»

«ቤቱ አይሸሽም። ለተክል ስትይ ከልጅሽ በፊት በረንዳ የምትሮጪበት ጊዜ ግን አበቃ።»

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ቡዜ ሰኞ እሺ አለች። ለመጠጥ የሚጠራቀመው ውሃ ለመጠጥ መዋል ጀመረ፤ ገብረዋህድም በጨለማ ጆግ ይዞ መሹለክን ተወ። በረንዳው ላይ የቆሙት ተክሎች ጥቂት ናቸው፤ አበባ የላቸውም፣ ለእንግዳም የሚያስደንቁ አይደሉም፤ ግን አረንጓዴ ናቸው። እትዬ መድኃኒት አንዲት ጎረቤት ስትጠይቃቸው እባቡን፣ ሸረሪቱን እያሉ ያስጎበኛሉ፤ ጎረቤቷ ወዲያው ልታጠጣላቸው ስትነሳ ደግሞ እጇን ይይዟታል። አቅምንና ቦታን ያላገናዘበ ልማድ፣ ደግ ልብ ቢኖርበትም እንኳ፣ ሰውን በከንቱ እንደሚያደክምና እንደሚያጣላ ከእሳቸው በላይ የተረዳ የለም።

ቡዜ በአዲሱ ሥራዋ መጀመሪያ ቀን መሽቶባት ገባች። በሩን እንደከፈተች እግሯ ከልማዱ የተነሣ ወደ በረንዳው ሊወስዳት ሲል፣ እትዬ መድኃኒት መንገዷ ላይ ቆሙ። ሲፋንን ከትከሻቸው አውርደው እቅፏ ውስጥ አስቀመጡላት።

«ቀኑን ሙሉ ስትጠብቅሽ የዋለችው ይህች ናት» አሏት፤ ቦርሳዋንም ከትከሻዋ ተቀብለው ሰቀሉላት።