ሜዳ ላይ ታኮ

እስቲ ይሄን ስሙኝ። ባለቤቴ ታደሰ ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪናችንን ኢንሹራንስ ላሳድስ ጎፋ ሄድኩ። የተጠየቅኩት ዋጋ አምና ከከፈልነው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! «ምነው?» አልኳት ሠራተኛዋን። «እናቴ፣ ባለቤትዎ አንድም ቀን አጋጭተው ስለማያውቁ ቅናሽ ነበራቸው። አሁን መኪናው ወደ እርስዎ ስም ስለዞረ እንደ አዲስ ይጀምራሉ» አለችኝ። ባንኩም በቀደም ብድር ስጠይቅ «የበፊቱን ብድር በወቅቱ ሲከፍሉ የኖሩት እሳቸው ናቸው» ብሎኛል። «እኔስ ጎኑ ተቀምጬ አልነበር እንዴ?» አልኳት ልጅቷን።

ታደሰ መኪና ባቆመ ቁጥር ያቺን የእንጨት ታኮ ከጎማው ስር ሳይሸጉጥ አይሄድም ነበር። ለቡ ያለው ሰፈራችን ደግሞ ሜዳ ነው እኮ! «ሜዳ ላይ ታኮ?» እያልኩ ስንቴ ስቄበታለሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ ሲሸጉጥ እኔ ገቢና ሆኜ እጠብቀዋለሁ። የዚያን ቀን እየነዳሁ ቤት ደረስኩና ታኮዋን ከኋላ አውጥቼ ከጎማው ስር ሸጎጥኩ። ወደ ቤት ግን አልገባሁም። ተመልሼ ገቢና፣ እኔ ቦታ ላይ፣ ቁጭ አልኩ።