የጣለው ዶሮ

ያን ጊዜ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ዳር በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። አንዲት የእንፍራንዝ ሴት የልጇን የአቡጀዲ እጀ ጠባብ አምጥታ፣ «አያ ደሴ፣ ደረቱ ተቀዷልና ጣፍልኝ» አለችኝ። የኔ እጅ ደግሞ ዝም ብሎ መጣፍ አይወድም። ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ካፖርት ገበር ላይ ቀይ ዶሮ ቆርጬ ቀዳዳው ላይ ሰፋሁበት። መጮህ ብቻ ነው የቀረው!

ልጁን አዝላ ስትመለስ፣ ምርቃት ስጠብቅ ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ምነው አያ ደሴ! ሁለት ቀብሬ የተረፈኝ ይኸ ብቻ ነው። ዓይን እንዳይበላብኝ ስሙን እንኳ ‹ጣለው› ብዬ፣ ቡትቶ አልብሼ ነው የማሳድገው። አንተ አስጊጠህ ሰው ሁሉ እንዲያየው ታደርግብኛለህ? ፍታው!»

እልህ ያዘኝ። ልጁን ከጀርባዋ አውርጄ፣ እጀ ጠባቡን አልብሼ በረንዳው ላይ አቆምኩት። ከሚያልፉት ገበያተኞች አንዷ ቆመችና፣ «ውይ፣ ሸጋ ዶሮ!» አለች። ሌላዋም ጎንበስ ብላ ዶሮውን ዳሰሰች። የልጁን ፊት ያየ የለም። «አየሽ? ዓይን የሚያርፈው ዶሮው ላይ ነው፤ ልጅሽን ማን አየው?» አልኳት። ዶሮውን ሳታስፈታ ልጁን አዝላ ሄደች።

በዓመቱ ሆዷ ገፍቶ መጣች፤ ጣለው ከፊቷ ይሮጣል። የዶሮው ጭራ ግን ነትቦ አልቋል። «አየህ አያ ደሴ፣ ዓይን የበላው ዶሮውን ነው! ለሚመጣው ደግሞ ተለቅ አድርገህ ስፋልኝ» አለችኝ። ገበሩ አሮጌ ስለነበር ነው ልላት አልኩና፣ አፌን ዘግቼ መቀሴን አነሳሁ።