ከዜሮ የጀመረው ወረፋ

ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን ልስተካከል ስገባ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነበር። ቀዳሚ መሆን ያኮራል፤ ኮራሁ። የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ይዛለች። ስሜን ሳትጠይቅ «መነጽሩ» ብላ መዘገበችኝና ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን አንደኛ ሆኜ ወጣሁ።

«ዛሬ ወረፋ የሚጠራው እሷ የጻፈችው ፕሮግራም ነው» አሉ አባቷ፣ መቀሳቸውን በባዶ አየር ላይ እያንቀጫቀጩ። «ሦስት ወር ጃቫስክሪፕት የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ ስማር ከረምኩ ትላለች። ከሠራላት ትቀጥላለች፤ ካልሠራ ሰኞ አክስቷ ሱቅ ትገባለች። ተስማምተናል።»

«ተስማምተናል አባዬ» አለች፣ ጥፍሯን እየበላች።

ወንበሩ ተራግፎ እስኪያልቅ ሁለት ሰዎች ተከታትለው ገቡ፤ «ሹፌሩ» እና «ኮስታራው» ተብለው ተመዘገቡ። ስክሪኑ ጮኸ፦ ተረኛ፣ ሹፌሩ። ብድግ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሹፌሩ አምሮበት ወጣ። ስክሪኑ ደግሞ ጮኸ፦ ተረኛ፣ ኮስታራው። እግሬ የልብስ ስፌት መኪና የሚረግጥ መሰለ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አንደኛ ነበርኩ!»

«አውቃለሁ፤ ዓይን አለኝ። ፍረጂ አንቺው!» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በር ላይ ቀድሞ የቆመን ሰው የማያይ ትምህርት! እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ተረኛ ማነው?› ብዬ ነው የሠራሁት።»

«ሦስት ሰው እኩል እየተነሳ ሲጣላስ?» አለች ልጅቷ።

«እሱ ሌላ ነገር ነው!»

ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ የጻፈችውን መስመር በመስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «አገኘሁት! ማሽኑ ዝርዝር ሲቆጥር ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እኔ ከአንድ ጀምር ብዬዋለሁ። ዜሮ ላይ የነበሩት እሳቸው ተዘለሉ።»

አሥራ ስድስት ዓመት ተምሬ ያለሁበትን ቁጥር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ይህን ሳታውቂ ነው ሦስት ወር የተማርሽው?»

«አውቀዋለሁ አባዬ፤ ደብተሬ ላይ አስምሬበታለሁ። ማወቅ ሌላ፣ እጅ መልመድ ሌላ። አንተ ምላጭ በምን ተለማመድክ?»

«በፊኛ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አረፋ ቀብቶ መላጨት ነው።»

«ስንት አፈነዳህ?»

«ማን ቆጥሮ!»

«ሰውስ ቆርጠሃል?»

«አንድ ብቻ።»

ፊቱ በአረፋ የተሸፈነው ኮስታራው ዓይኑን በረገደ። «መቼ?»

«ድሮ ነው፤ አይንቀሳቀሱ» አሉና ወደ ልጃቸው ተመለሱ። «ግን አንቺ የዘለልሽው ሰው ፊኛ አይደለም፤ ደንበኛዬ ነው! እኔ ከፊኛ ወደ ሰው ስሸጋገር አለቃዬ ከጎኔ ቆሞ እጄን ይይዝ ነበር።»

«አንተስ? ሲዘለሉ አይተህ ዝም አልከኝ።»

አባቷ ኮስታራውን እንደገና አረፋ መቀባት ጀመሩ።

«ስህተት ሲኖር ማሽኑ ብዙ ጊዜ ቀይ ጽሑፍ አውጥቶ ይነግረኛል» አለች ልጅቷ ረጋ ብላ። «እንዲህ ዓይነቱ ሲሆን ግን ምንም አይልም። አጠገብ ያለ ሰው ካልተናገረ በምን አውቀዋለሁ?»

እሷ አንዷን ቁጥር ቀየረች፤ በሐሰት ስሞች ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ ከዚያ ስክሪኑ «ተረኛ፣ መነጽሩ» አለ።

ኮስታራው ሳይቆረጥ ከወጣ በኋላ አባቷ ፎጣውን አንገቴ ላይ እያሰሩ ተናገሩ፦ «ሰኞ ሱቅ መሄዱ ይቅር። ጠዋት ጠዋት እዚሁ ተለማመጂ። ስትሳሳቺ ወዲያው እነግርሻለሁ፤ እንደ ዛሬው አላደባም።»

እኔም ወንበሩ ላይ ሆኜ የልምምዱን ጥቅም መዘርዘር ጀመርኩ፦ በየቀኑ አንዲት መስመር በገዛ እጁ የጻፈ፣ መቶ ቪዲዮ ካየው ይበልጣል። ስህተትን ቶሎ የሚናገር ሽማግሌ ካለ ደግሞ ጀማሪው በግማሽ ጊዜ ይሠለጥናል። ወረፋው ከተስተካከለም ሰው አግዳሚ ላይ ሲቁነጠነጥ ከመዋል ይድናል።

ምክሬን ሳልጨርስ፣ የራሴ ግራ ጎን ተላጭቶ ቀኙ ሳይነካ፣ ሽማግሌው ምላጭ እንደያዙ ወደ ስክሪኑ ሮጡ።

«ልጄ! አሁን የገባው ሰውዬ ሁለቴ ተጻፈ!»

«ጎበዝ አባዬ! ሌላስ?»