ለከድር ያደረግኩት ዑምራ

—ሄሎ... ወዐለይኩሙሰላም። ከመናገርህ በፊት የሐዘን መግለጫ አለኝ፤ ተቀምጠህ ከሆነ ተነስ። እዚህ ጅዳ የጀውሀርን ቤተሰብ ያለ እረፍት ሲያቀዘቅዝ የኖረው የአየር ማቀዝቀዣ ሙከይፋችን፣ ባደረበት የማሳልና የመንጠባጠብ ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ፣ ዛሬ ከዙህር በኋላ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሐኪሙ ሲራጅም «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ እንደቀረ ነው። ቤተሰቡ በላብ... ሄሎ? ምን ያስቅሃል ሲራጅ?

—አይደለህም? ታዲያ ይሄን ሁሉ ለማን አነበብኩ? ማን ልበል?... ከድር። የቱ ከድር? ባብ መካ ገበያ ሽቶ የሚሸጠው?... የመካው፣ የነካሳ ሰፈሩ?

—ስማ ወንድሜ፣ ቁጥሬን ከየት እንዳገኘኸው አላውቅም። የነካሳው ከድር ግን ሞቷል፣ አላህ ይርሐመው።... «አልሞትኩም» አትበለኝ፣ ካንተ እኔ አውቃለሁ! አስከሬኑ በሌለበት ሶላተል ጋኢብ ሰግጄበታለሁ። በስሙ ዑምራ አድርጌለታለሁ፤ ለእሱ ብዬ ነው ጸጉሬን የተላጨሁት፣ ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቱ አልበቀለም... ሄሎ? ትሰማኛለህ?

(ዞር ብሎ) ኡሙ ሀጀር፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው በአላህ! አንድ ቀልደኛ ነው።

—እሺ። ከድር ከሆንክ፣ ሐረም ውስጥ ሽማግሌ በጋሪ እየገፋን በምንኖርበት ጊዜ፣ ያንን የኢንዶኔዥያ ሐጂ ስንት ዙር አዞርነው?... ስምንት። ጠዋፉ ሰባት ዙር አይደል እንዴ?... በእኔ ጥፋት? እኔ ምን አደረግኩ?... ኢትሐድ ይበልጣል አህሊ እያልን በኳስ ስንጨቃጨቅ ቁጥሩ ጠፋብን። ሽማግሌውስ ምን አለ?... «ጨመራችሁልኝ» ብሎ መረቀን።

—ከድር?

—ያ አላህ። ያ አላህ...

—አላለቅስም። ላብ ነው። ሙከይፉ ሞቷል አልኩህ እኮ።

—የት ነህ አሁን?... መካ! ሚስፈላ? ሆቴል ይዘህ? አንተ? ፎቁን ከታች ቆመን ስንቆጥረው የነበረው?... በዑምራ ቪዛ። ማሻአላህ። ቁጥሬን ማን... አብዱልመጂድ! ሩሰይፋ፣ ሱቁ ድረስ ሄድክ? ሲያይህ ምን አለ?... ጂን ነው ብሎ አያተል ኩርሲ ቀራብህ! ይገባሃል! እኔም ልቀራብህ ምንም አልቀረኝ።... «ሌላውን ጀውሀርን ጠይቀው» አለህ? እኔን? የምን ሌላ? ተወው እሱን፣ ሁልጊዜ ነገር ያንጠለጥላል።

—እንዴት አንቀብርህም! ፖሊስ ይዞ አገርህ ሲልክህ ስልክህ እዚህ ቀረ፣ ድምፅህ ጠፋ። በዓመቱ ደሴ መንገድ ላይ መኪና ተገለበጠ፣ ከመካ የተመለሰ ከድር የሚባል ልጅ ሞተ ተባለ።... ሌላ ከድር ነው? አላህ ይርሐመው። ታዲያ የሱን ለቅሶ ነው ላንተ ያለቀስነው። አንተስ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጣትህ ተቆርጧል?... ባዶ እጅህን ስለተመለስክ አፍረህ። ሰው ሞቶ እንኳ እንዲህ አይጠፋም!

—አሁን የቸገረኝ ያ ዑምራ ነው። በሞተ ሰው ስም ታስቦ ተነይቷል፤ ባለቤቱ ደግሞ ሚስፈላ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ለማን ይጻፋል?... ሸይኽ ልጠይቅና ከተመለሰልኝ ተመለሰልኝ። ስላንተ የመሰከርኩትንም አነሳለሁ። «ደግ ነበር፣ ዋሽቶ አያውቅም» ብያለሁ፣ በሰው ፊት!

—ነካሳስ ወጣህ?... ደረጃው የለም። አዎ፣ የኛ ቤት የነበረበት መንገድ ሆኗል።... ቆመህ አለቀስክ? ለአስፋልት? አሻራህን ወስዶ ያባረረህን አገር «አገሬ» ትለዋለህ?... አውቃለሁ። አውቃለሁ ከድር። እኔም አንድ ሳምንት ደሴ ሄጄ የናፈቀኝ ያ ደረጃ ነው።

—መቼ ነው የምትመለሰው?... ሐሙስ? ኸላስ፣ ዛሬውኑ ጅዳ ትመጣለህ! ባቡር ያዝ፣ የአሠሪዬን የከፊሌን መኪና ለምኜ ጣቢያ እቀበልሃለሁ። የከብሳ ሩዝ እናሠራለን። ማን ይሠራዋል?... ሚስት አለኝ እንጂ! ልጅም አለችኝ፣ ሀጀር፣ አምስት ዓመቷ ነው፣ በዐረብኛ ነው የምትሰድበኝ። ሚስቴን ስታያት...

—አለሁ... አልተቋረጠም። አለሁ።

—ማን?... ከሚሪያ። እንዴት አላውቃትም! አንተ ልታገባት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄጄ አፍ አውጥቼ የጠየቅኩልህ እኔ አይደለሁ?... ደህና ናት። እዚሁ... እዚሁ ሳዑዲ ናት።

—አግብታለች።

—አይ፣ ቶሎ አይደለም። ጠብቃሃለች። ሞተ ከተባለም በኋላ ብዙ ጊዜ ሰው አላናገረችም።... ባሏ? ምን ዓይነት ሰው ነው? ምን ልበልህ... መካከለኛ ነው።... አይ፣ አይጨክንባትም።... ይወዳታል ወይ? እሱን እሱ ነው የ... አዎ። በጣም ይወዳታል።

(ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ) ከሚሪያ፣ በአላህ ወደ ውስጥ ግቢልኝ... ማንም አይደለም፣ ሲራጅ ነው፣ የሙከይፉ ሰው... አላለቀስኩም አልኩሽ!

—አለሁ ከድር። ቀጥል።... አፉ ብላ ይቅር እንድትልህ። ዑምራህ ልብህ ላይ አልሞላልህም፣ የበደልከውን ሰው አፉ ሳታስብል። ገባኝ።... አድራሻዋን? አያስፈልግም። አፉ ብላሃለች።... አውቃለሁ ስልህ! ሞቷል ብላ አይደል? ለሞተ ሰው ሁሉም አፉ ይላል።... በሕይወትህ ከእሷው አፍ መስማት ትፈልጋለህ።

—ዛሬ? ዛሬ እንኳ አይመችም።... ነገም። ቤቱ እሳት ነው፣ ሙከይፍ የለም... አዎ፣ ዛሬውኑ ና ብዬ ነበር። ጣቢያ እቀበልሃለሁም ብያለሁ።... እኔ መካ ልምጣ? አልመጣም።... አልተቀየምኩህም፣ ወላሂ! በሕይወት ስላለህ ደስ ብሎኛል። እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ግን አትምጣ።

(ወደ ውስጥ) መጣሁ! አንድ ደቂቃ!

—ማን?... አሁን የተጣራችው? ሚስቴ ናት።... ድምጿ ምን ሆነ? የሴት ድምፅ በስልክ ሁሉም አንድ ነው።... ስሟ? ኡሙ ሀጀር ስላት አልሰማህም?... አዎ፣ ኡሙ ሀጀር የተባለችው ከወለደች በኋላ ነው። አባቷ ያወጣላት ስም አላት፣ ልክ ነህ።

—ከድር... ከድር ተው። አትጩህ።

—ስሟን አልነግርህም።

—ልዘጋው ነው።... ለምን? እሱንም አልነግርህም።