አዲስ የተባለው ካፖርት

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንድ አዛውንት ቄስ ተቀምጠዋል። ልጅቱ ስልኳ ላይ ትጽፋለች።

«ምንድን ነው የምትጽፊው ልጄ?»

«ቴሌግራም ላይ ከአንዲት ሻጭ ካፖርት ገዝቼ ነበር፣ አባ። አዲስ ነው ተብዬ ሰልባጅ መጣልኝ። አስተያየት እየጻፍኩ ነው።»

«ሌባ ናት በያ!»

«ሌባ መሆኗን በምን አውቃለሁ? ያየሁት የክርኑን መሳሳት ነው።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

«‹አዲስ ተብሎ የተሸጠልኝ ካፖርት የተለበሰ ነው፤ ክርኑ ሳስቷል። በተባለው ቀን ግን ደርሶኛል፤ ይሞቃልም።›»

«ደግሞ ታመሰግኛታለሽ?»

«መሞቁማ ይሞቃል፣ አባ! ልዋሽ?»

ጽፋ ላከችው። ብዙም ሳይቆይ ሻጯ ደወለች፤ ድምጿ ለሁላችንም ይሰማል።

«እህቴ፣ በሞቴ አጥፊልኝ! አዲሱን ዛሬውኑ እልክልሻለሁ።»



«ከላክሽልኝ፣ መላክሽንም እጽፋለሁ። ያንን ግን አላጠፋም። ነገ ደግሞ አንዷ ከስማዳ አምናሽ ታዛለች።»

ሻጯ ዘጋችው።

«በይ፣ አዲሱ ካፖርት ቀረብሽ» አሉ ቄሱ።

«ይቅር። ሰኞ ሥራ ስለምጀምር ክርኑ ላይ እራፊ እጥፍበታለሁ።»

«ምነው መጥተሽ የእኛን ሰፈር የድንበር ጠብ በዳኘሽልን!»

እኔ ስልኬን አወጣሁና፣ ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ ጫማ ሻጭ ‹ሌባ ነው!› ብዬ የጻፍኩትን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እንዳያየው ደብቄ አነበብኩት።