ባቡር አምልጦት የማያውቅ ሰው

ቀጥ በይ እታለም፤ እንዲያ ካጎነበስሽ ጠርዙ ከፊት አጥሮ ከኋላ ይጎተታል። እንደሱ … አፌ ውስጥ ስፒል ስላለ ብኮላተፍ አትታዘቢኝ። ቀሚሱ ግን እንዴት አምሮብሻል! ቀለሙ ራሱ ፊትሽን አበራው። ዝናቡም አባርቷል፣ መንገዱም ደርቋል፤ ጫማችንን ጭቃ ሳይነካው ባቡር ጣቢያ እንደርሳለን። ባቡሩ የሚገባው አሥራ አንድ ሰዓት አይደል? አሁን ገና ዘጠኝ ተኩል ነው። ጠርዙን እዚሁ ላይሽ ላይ እንዳለ በእጄ እሰፋውና እንደለበስሽው እንወጣለን። የወንድምሽ ልጅ አክስቷን በአዲስ ቀሚስ ስታይ ደስ አይላትም?

በሩን? ተይው፣ ክፍት ይሁን። ይቺ የስፌት ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ከሳሎኑ ትንሽ አየር ትበደር። ቴሌቪዥኑ ረበሸሽ እንዴ? እኔ ለምጄዋለሁ። እዚያ ያለው ሰው ይሰማናል ብለሽም አትሳቀቂ … ይስማ። የምናወራው የሌላ ሰው ነገር ነው፣ እሱን ምን አገባው?

እስክጨርስ ስለ አንድ ሰው ላጫውትሽ። አንቺ አታውቂውም። አንድ ቤት አድጋችሁ፣ አንድ ጡት ጠብታችሁ ይሆናል እንጂ … አታውቂውም።

እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ! አይጠጣ፣ አያጨስ፣ ሴት አያይ። እንኳን የሰው ሴት፣ የራሱንም ካያት ቆይቷል። የሌላው ሰው ሚስት ባሏን ፍለጋ በየመጠጥ ቤቱ ስትዞር የእሱ ሚስት ግን ታድላ … ሶፋው ላይ ታገኘዋለች። ሶፋው ራሱ ቅርጹን ይዞለታል፤ ተነስቶ ቢሄድ እንኳ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ ባል በስንት ስለት ይገኛል?

ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ ቁጥር፣ ቀን … አንዲት ወረቀት ጠፍታበት አታውቅም አሉ። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዝም ብሎ ያረጃል። እሱ ግን ሥራ ፈጠረ። ምን ሥራ አትይኝም? ቴሌቪዥን ላይ የባቡር ፕሮግራም መፈለግ! አትሳቂ፣ መርፌው ይወጋሻል። ቀላል ሥራ መሰለሽ? ከሦስት መቶ ምናምን ቻናል መሀል ባቡር የሚያሳየውን ለቅሞ ማውጣት እኮ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠዋት ሪሞቱን አንስቶ ከአንድ ቁጥር ይጀምራል። ዜና … ያልፈዋል። ጦርነት … ያልፈዋል። ሰው ተጋባ፣ ሰው ሞተ … ያልፈዋል። ጭስ የመሰለ ነገር ሲያይ ግን ጣቱ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ባቡሩ አሁን ይወጣል፣ አሁን ይወጣል እያለ ግማሽ ሰዓት ያፈጠጠበት ጭስ የቤት ቃጠሎ ሆኖ ተገኘ። እንዴት እንዳዘነ ብታዪው! … ለቤቱ አይደለም።

ያገኘውን ሁሉ ደግሞ በጥቁር መዝገብ ይጽፈዋል። ቻናሉን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ባቡሩ ስንት ፉርጎ እንደጎተተ። ቀይ እስክሪብቶ ለእውነተኛው ባቡር፣ ሰማያዊው ለአሻንጉሊቱ። ወይኔ፣ አሻንጉሊት አልኩ? ሞዴል ነው የሚባለው፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። ሪዛም ሪዛም ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ጣት የምታክል ባቡር የሚያስኬዱበት ፕሮግራም አለ። ባቡሯ ድልድይ ስትሻገር ትንፋሻቸውን ይውጣሉ … እሱም እዚህ አብሯቸው ይውጣል። ያን ፕሮግራም ያገኘ ቀን ፊቱ ላይ የሚታየው ደስታ፣ ልጁ የመጀመሪያ ጥርሷን ያበቀለች ዕለት እንኳ አልታየም ይላሉ። እኔ በምን አውቃለሁ? የሰማሁትን ነው።

አዎ፣ ልጅ አለችው። አንዲት ሴት ልጅ። አልነገርኩሽም እንዴ? … እሱም ሲያወራ አያነሳት፣ ከአፌ ሾልኮብኝ ይሆናል።

የዛሬ ስምንት ወር ልጅቷ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ሆነ። በምን? በባቡር! የፈጣሪን ቸርነት ተመልከቺ እስቲ። ባቡር ሲያስስ ለሚውል ሰው፣ ሪሞት ሳይነካ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ ተራምዶ የሚያየው እውነተኛ ባቡር … ያውም የገዛ ልጁ የተሳፈረችበት። ከዚህ የበለጠ ምን ፕሮግራም አለ? ችግሩ፣ በዚያው ቀን የሪዛሞቹ ፕሮግራምም አለ። አይ፣ ሰውየው ጠንቃቃ ነው፣ አስቀድሞ አስቦበታል። ቻናሉ የሚናገረው የባሕር ማዶ ሰዓት ስለሆነ ወደ እኛ ሰዓት ቀይሮ መዝገቡ ላይ ጻፈው፣ አሰመረበት። «አራት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ባቡሩ ስድስት ሰዓት ነው። እንዲያውም በመሀል ጫማዬን እጠርጋለሁ» አለ። ሒሳቡን ሲሠራ ግን … አንድ ሰዓት መደመር ሲገባው አንድ ሰዓት ቀነሰ። ሠላሳ ዓመት ቁጥር ሲጽፍ የኖረ ሰው! አልፈርድበትም፤ መዝገብ ቤት መመዝገብ እንጂ መደመር የለም።

እና አምስት ሰዓት ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማ፣ እሱም ኮቱን ለብሶ፣ ፕሮግራሙ ጀመረ። «እናንተ ቅደሙ፣ አምስት ደቂቃ አይቼ እደርስባችኋለሁ» አለ። ኮቱን ግን አላወለቀም። ይሄን ልንክደው አይገባም … አንድ ሰዓት ሙሉ ለመሄድ እንደተዘጋጀ ነው የተቀመጠው።

እስቲ ወደዚህ ዙሪ፣ ጎኑ ቀርቶኛል። … እናንተ ቤት ያሉት ወንዶች ሁሉ እንዲህ ኮት ያምርባቸዋል?

ባቡር ጣቢያ ደረሱ። ልጅቷ እናቷን አቅፋ፣ ከትከሻዋ በላይ በር በሩን ታያለች። ሰው በገባ ቁጥር አንገቷ ይመዘዛል። ፊሽካው ሲነፋ ወጥታ ፉርጎው በር ላይ ቆመች። ተቆጣጣሪው «ግቢ እህቴ፣ በሩ ሊዘጋ ነው» ይላታል፣ እሷ «አንድ ጊዜ፣ አባቴ እየመጣ ነው» ትለዋለች። ኮት የለበሰ ሽማግሌ ባየች ቁጥር እጇ ወደ ላይ ይነሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። እናትየው ምን ትበላት? አባትሽ አሻንጉሊት እያየ ነው ትበላት? «እግሩ አብጦ ነው፣ መራመድ አቅቶት ነው» አለቻት። ልጇን ዋሽታ የማታውቅ ሴት፣ እዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቆማ፣ እንባዋን እየዋጠች ዋሸች። ያን ቀን በልቧ የገባው ነገር እስከ ዛሬ አልወጣም። አይወጣምም።

ቤት ስትመለስስ? ሰውየው በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ተቀበላት። «ምን እንዳመለጠሽ ብታውቂ!» አላት። እሷን! … አንዱ ሪዛም፣ የባቡር ጣቢያ ሞዴል ሠርቶ፣ ጥፍር የሚያክል ትንሽዬ ሰውዬ በሙጫ አቆመ አሉ። እጁን ያነሳ ሰውዬ። «አባት ነው እኮ! ልጁን ሲሸኝ! እጁን እንኳ እንዴት አድርጎ እንደሠራው!» እያለ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አየሽ፣ ልበ ቡቡ ነው። መለያየት አይችልም። የሙጫም ቢሆን አይችልም።

ልጅቷ ደግሞ የዋህ ናት፣ አመነች። በሄደች በወሩ ለአባቷ እግር የሚታሽ ቅባትና ወፍራም ካልሲ ላከች። ስትደውል የመጀመሪያው ጥያቄዋ «የአባዬ እግር እንዴት ነው?» ነው። እግሩማ ምን ይሆናል! ያን ካልሲ ለብሶ፣ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅሎ ይውላል፤ የመሬት ነገር ያልነካውን እግር ምን ያሳብጠዋል? ቅባቱን ምን እንዳደረገው ግን ልንገርሽ? የትንሿን ባቡር ጎማ ያለሰልስበታል። እንዴ፣ የራሱ ባቡር አለው እኮ! በልጅቷ አልጋ ላይ ሳንቃ አጋድሞ ሐዲድ ዘርግቷል። ትራሷ የነበረበት ቦታ ዋሻ ሆኗል። ሰው ልጁ የለቀቀችውን ክፍል ባዶ ማየት ሲከብደው እንዲህ ያደርጋል … አይደል? ናፍቆት ነው።

ቆይ … ድምፁ ቀነሰ ልበል? … አይ፣ ማስታወቂያ ገብቶ ይሆናል።

ይሄን ወሬ ዛሬ ለምን አነሳሽው አትለኝም? … ወይ ጉድ፣ አትዪኝም ለማለት ነው፣ ምላሴ ወደ ሳሎን ሸሸ። ዛሬ ያቺ ልጅ በዚህ ታልፋለች። ልክ እንደ ወንድምሽ ልጅ! በዚያው ባቡር! መገጣጠም አይገርምሽም? መሥሪያ ቤቷ ሩቅ አገር፣ ወደብ አጠገብ ልኳት ነው። ሁለት ዓመት ፈቃድ የለም። ባቡሩ እዚህ የሚቆመው ሃያ ደቂቃ ነው። ትናንት ደውላ እናቷን ምን አለቻት መሰለሽ? «አባዬ እግሩ ተሽሎት ይመጣል? መቆም ካቃተው ወንበር ያዙለትና እመስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ እኔ ወርጄ እመጣለሁ።» ወንበር! ለእሱ! ሰውየው እኮ ከተቀመጠ የሚነሳ ስላልመሰላት አይደለም … ስላዘነችለት ነው።

እናትየው «ይመጣል» አለቻት። እንግዲህ ይቺ ሴት ሁለተኛ አልዋሽም ብላ ምላለች። ከመጣ እሰየው፣ እግሩ ድኗል፣ እልል ነው። ካልመጣ ግን እውነቱን አንድ በአንድ ትነግራታለች። ሪዛሞቹን፣ ሙጫውን፣ ዋሻውን። ሃያ ደቂቃ ለዚህ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ደውላ ስለ አባቷ እግር ትጠይቅ እንደሆነ እኔ አላውቅም። አንቺ ብትሆኚ ትጠይቂ ነበር?

ታዲያ አሥር ተኩል ላይ የሪዛሞቹ ክፍል ሁለት አለ። በሰማያዊ ተጽፎ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ዛሬ ሒሳቡን አልተሳሳተም፣ ደጋግሞ ደምሮ አረጋግጧል። ሰው ከስህተቱ ሲማር ማየት እንዴት ደስ ይላል!

በይ አለቀ። ክሩን ልበጥሰው … እንደሱ። ዙሪ እስቲ። ቆንጆ! ቦርሳዬን አቀብዪኝ። ያቺን ወንበርም ያዢልኝ፣ የሚታጠፈዋን። ለማን? እንዲሁ … ልጅ ያዘዘችው ነገር እንዳይጎድል ብዬ ነው።

ሰማሽ? ሶፋው ተንቋቋ። ሰው የተነሳ መስሎኝ ልቤ ዘሎ ነበር … ለካ ሪሞቱ ወድቆበት ጎንበስ ብሎ ነው። ይኸው ድምፁን መልሶ ከፍ አደረገው። ሙዚቃውን አወቅሽው? የሪዛሞቹ ነው፣ ሊጀምር ሲል እንዲህ ነው የሚለው። ግዴለም፣ እኛ ቀስ ብለን እንውጣ፣ ሰው አንረብሽ።

ያን የማታውቂውን ሰው ግን ሳልመርቀው ከዚህ ቤት አልወጣም፣ ይከብደኛል። አንቺም አሜን በይ እታለም፣ ጮክ አድርገሽ። ዕድሜውን ያርዝምለት። ዓይኑን ይጠብቅለት፣ ከዓይን ሌላ ምን አለው? ልጁንም ትልቅ ሰው ያድርግለት … ስሟ የተጠራ፣ አገር የሚያውቃት፣ ሰው ሁሉ ሊያያት የሚሻማባት። እና ፈጣሪ ሲፈቅድ፣ አንድ ቀን … አባቷ እስኪጠግባት እንዲያያት፣ በቴሌቪዥን ያውጣለት።