ቢሮ ውስጥ የተለካው አየር

እንደምን ዋልሽ እታለም? አትነሺ፣ አትነሺ፣ ስፌትሽን ቀጥዪ። ይቺ መኪናሽ ድምጿ እንዴት አማረ! ዘይት አጠጣሻት መሰለኝ... ልጆቹ ደህና? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እሰይ።

እኔማ ለትንሽ ነገር ነው የመጣሁት። የነዚህን ሦስት ሸሚዞች ቁልፍ ነቅለሽ ዚፕ አድርጊልኝ። የባለቤቴ ናቸው። ኧረ ፋሽን አይደለም... ጣቶቹ ቁልፍ መያዝ እምቢ ስላሉት ነው። እጁ ከአንጓው ወደ ታች ተንጠልጥሎ ቀረ። ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የምቆልፍለት። አርባ ዓመት ያልሞላው ሰው አገጩን ቀና አድርጎ እንደ ሕፃን ሲቆምልኝ ብታዪው ሆድሽ ይባባል።

ምን ነካው ትያለሽ? እኔስ ምኑን አውቄ? አሮጌ ባትሪ እየሰበሩ እርሳስ የሚያቀልጡበት ቦታ ስምንት ዓመት መሥራት ምን ያመጣል? ምንም! ሐኪሙ ግን ደሙን መርምሮ እርሳስ ሞልቶበታል አለ። ሐኪም ደግሞ መቼም ማውራት ይወዳል...

ለነገሩ እኛ ዕድለኞች ነን። ፋብሪካው ውስጥ ስለ ሠራተኛው ጤና እንቅልፍ የሚያጣ የደህንነት ኃላፊ አለ። ስሙን ተይው፣ ሰው ሲያመሰግኑት ያፍራል። መልኩ... እዚያ ግድግዳሽ ላይ ባለው ፎቶ፣ እጁን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጎ የቆመውን ይመስላል። ቁርጥ እሱን! ግን እሱ ሊሆን አይችልም። አንቺ አዝለሽ ያሳደግሽው ታናሽ ወንድም እንዲህ... እንዲህ ጠንቃቃ ይሆናል?

የንብረት አያያዙን ልንገርሽ። ማጣሪያ ያላቸው ማስኮች ሲመጡ ሁሉንም ከነላስቲካቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ለምን? ይቆሽሻሉ! እውነቱን ነው፣ ምድጃ ዳር ምን ንጹሕ ነገር አለ? ተቆጣጣሪ የሚመጣ ቀን ይታደላሉ፣ ተቆጣጣሪው ከበር ሲወጣ ይሰበሰባሉ። እስካሁን እንደ አዲስ ናቸው። የባለቤቴን ደረት እንዲህ በላስቲክ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥለት ጠፋ እንጂ...

የአየር መለኪያውን ነገርማ ሰምተሻል? ባለፈው ሰሞን አንድ ትንሽ መሣሪያ ተላከ። ሠራተኛው ኮሌታው ላይ ሰክቶት ይውላል፤ የሚተነፍሰውን አየር እየሳበ ያጠራቅምና ላቦራቶሪ ይሄዳል። ባለቤቴ ምድጃው አጠገብ ቆሞ እስኪሰኩለት ሲጠብቅ፣ ኃላፊያችን ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዕቃው ውድ ነው፣ ጭሱ ያበላሸዋል» ብሎ በራሱ ኮሌታ ላይ ሰካው! ከዚያ ቢሮው ገብቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ሻዩን ፉት እያለ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተነፈሰልን። ስለ እኛ! እንዲህ ያለ መስዋዕትነት የት ይገኛል? ውጤቱ መጣ፤ አየሩ ንጹሕ። ወረቀቱን መስታወት ውስጥ አስገብቶ መግቢያው ላይ ሰቅሎታል። ውሸቱን ነው እንዴ? የቢሮው አየርማ ንጹሕ ነው።

ባለቤቴ የሐኪሙን ወረቀት ይዞ ኃላፊው ጋ ሲሄድ፣ «አየራችን ተለክቷል፤ እርሳሱን ከቤትህ ነው ያመጣኸው። ሚስትህ በምን ድስት ነው የምታበስልልህ?» አለው። አየሽልኝ ብልሃቱን! ለካ እኔ ነኝ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ባሌን ስመርዝ የኖርኩት። የሥራ ልብሱን ስዘፈዝፍ አመድ መስሎ የሚወጣው ውሃም ከድስቴ ነው ማለት ነው... ያንን ልብስ ከልጆቼ ልብስ ጋር ስንት ጊዜ አጥቤው ይሆን? ተይው፣ ይሄን ማሰብ አልፈልግም።

ሐኪሙ ዛሬ ነገ ሳይባል ከምድጃው ይነሳ ብሎ ጽፏል። ሌላ አንድ ወር ከቆየ እጁ ላይመለስ ይችላል አለ። ወደ ጥበቃ ለመዛወር የቀረው የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ነው። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው። ኃላፊው እምቢ አለ ማለቴ አይደለም! እጁ ደክሞት ይሆናል... የእጅ ድካም እኮ ክፉ ነው፣ እኔ አውቃለሁ። ሰኞ ባለቤቴ ተመልሶ እዚያው ምድጃ ፊት ይቆማል።

ንገሪልኝ አላልኩም እንግዲህ! አንቺ ምን አገባሽ? ... ውይ! መርፌው ወጋሽ እንዴ? ጫን አድርገሽ ያዢው፣ አይዞሽ፣ ያንቺስ አሁን ይደርቃል።

ቆይ፣ የወንድምሽ ሚስት ሴት ልጅ ተገላገለች አሉ አይደል? ሲነግሩኝ እልል አልኩ፣ ከልቤ ነው። ሕፃን ምን በደለ? ትደግለት፣ ትማርለት፣ ወግ ማዕረጓን ያሳየው። ጥሩ ሥራም ትያዝ... በገባችበት ሥራ ሁሉ ፈጣሪ ልክ እንደ አባቷ ያለ ኃላፊ ይስጣት።